ከሰርቨሩ ስላልወጡት ትጉሃን

መጋቢት 11 ቀን። ሰባት ሰው ብቻ የሚያስገባው የንድፍ ክፍላችን ሰርቨር ዛሬም ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰባት ሰው ይዞ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ግን ሦስት ነን።

ለተከበሩ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ ጤንነት፣ የማያቋርጥ ምኞቴን አቀርባለሁ፤ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚያሳየውን ዝርዝር በየጠዋቱ ሲመረምሩ የሚደክመው እሱ ነውና። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የውሃ መስመር ንድፍ ስሠራ የኖርኩ፣ ከበሩ አጠገብ የምቀመጥ ሠራተኛ ነኝ። በመልክ ባያስታውሱኝ ከዝርዝሩ ግርጌ ያገኙኛል። ይህን ደብዳቤ ደረጃው አጠገብ ባለው ሰሌዳ፣ ከእርስዎው ዝርዝር ጎን የምለጥፈው ያንን የሚያነብ ሁሉ ይህንንም እንዲያነብ ነው።

1ኛ፦ በበራችን ላይ በፊርማዎ የተለጠፈውን «ሥራዎን ሲጨርሱ ከሰርቨሩ ይውጡ፤ ሌላ ሰው ይጠብቃል» የሚል ማሳሰቢያ በማክበሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስምንተኛው ሰው ደጅ እንዳይጠና ብዬ፣ ንድፌን ከፍቼ፣ አርሜ፣ አስቀምጬ እወጣ ነበር። ከአራት ወር ወዲህ ዝርዝሩን በየዓርቡ እያተሙ በመለጠፍ ሰርቨሩ ውስጥ ብዙ ሰዓት የቆየውን «ትጉህ» ብለው መሰየም ሲጀምሩ፣ ማሳሰቢያው ለሞኞች እንደተጻፈ መረዳት ነበረብኝ፤ ዘገየሁ።

2ኛ፦ መስኮቱ ሥር የሚቀመጠውን ባልደረባዬን በስብሰባ ላይ «ንቡ» ብለው ስላሞገሱልኝ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን መስመር እንዲያሰምር ያስተማርኩት እኔ ነኝና ክብሩ ለእኔም ይተርፋል። ንቡ ጠዋት ይገባል፣ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ አንዱ ቁልፍ ላይ ስቴፕለር ይጭናል፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አንድ ቀን ነገሩን ባነሳበት በፍጹም ትሕትና «እትዬ፣ የእርስዎ ችግር እኮ መውጣትዎ ነው» አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው። የደከመችው ስቴፕለሯ ናትና ሰኞ ለንቡ ከተሰጠው ሹመት ድርሻዋን እንዳትነፈግ አደራ እላለሁ።

3ኛ፦ የቀብሩን ቀን በተመለከተ። የንቡ እናት ሲያርፉ (ነፍሳቸውን ይማር፤ እሳቸው በዚህ ነገር የሉበትም) ሐሙስ ዕለት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በአውቶቡስ መሄዱን ያስታውሳሉ። ዝናብ ነበር። እርስዎ ጃንጥላ ስላልያዙ የእኔን የተጋራንበት ቀን ነው፤ ግራ ትከሻዬ እስከ ማታ አልደረቀም። ንቡ ከፊታችን ቆሞ አፈር ሲያለብስ በአራት ዓይን አብረን አየነው። በማግስቱ በለጠፉት ዝርዝር ላይ ግን ንቡ በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲሠራ ውሏል። እኔ ለቀብሩ ብዬ ከሰርቨሩ ወጥቼ ስለነበር፣ ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃዬ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ምክንያት ትጠየቅ» ብለው ጽፈዋል። ለመጠየቅ ብዙ ባልደከሙም ነበር፤ ከጎንዎ ቆሜ ነበር።

4ኛ፦ ይህ ሁሉ ቅናት ነው የሚሉ አሉ። ነው። ጡረታ የወጡት የቡድን መሪያችን ክፍል በሩ የሚዘጋ፣ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ ነው፤ የአበባ ማሰሮዬን በየትኛው ጥግ እንደማስቀምጥ ከሁለት ዓመት በፊት ወስኜ ነበር። ሰኞ ዕለት፣ ቦታው በሰርቨር ቆይታ ተመዝኖ ለንቡ መሰጠቱ ሲነገር «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ሳምኩት። ሽቶ ተቀብቷል፤ በሽቶውም ቀናሁ። ትናንት ሁሉም ምሳ ሲወጡ ገብቼ የመሪውን ወንበር አንድ ጊዜ አሽከርክሬዋለሁ። ድምፅ የለውም። የእኔ ከተቀመጥኩበት ቀን ጀምሮ ይጮኻል።

5ኛ፦ አምስተኛውን ሰርቨሩ ላይ ጽፌው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ልከፍተው ብል «ሞልቷል» ስላለኝ ይቅርብዎ።

ዝርዝርዎ እንዳይጎድል፣ ቀይ እስክሪብቶዎም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ ከመጨረሻው መስመር ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከበሩ አጠገብ የምትቀመጠው ንድፍ ሠሪ

ያልጨረስኩት ነገር፦ ረፋዱ ላይ አንድ ቦታ ሲለቀቅ ገባሁ። ስቴፕለር ስላልነበረኝ የወረቀት መብሻዬን ቁልፉ ላይ ጭኛለሁ፤ ሹራቤም ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። የንቡን የሹመት ደብዳቤ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ዋና ሥራ አስኪያጁን አስፈርሜ እስከ ስድስት ሰዓት እንዳመጣ ከቢሮዎ ተልኬ ነበር። ይኸው ሰሌዳው ጋ ደርሻለሁ፤ ደረጃው ወደ ላይም ወደ ታችም ይወስዳል፣ እኔ ወደ ታች ነኝ፣ ደብዳቤውም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ማን ይዞት እንደሄደ ለማጣራት ሲነሡ እንደ ልማድዎ ዝርዝሩን ይመልከቱ፤ እኔ ከረፋዱ ጀምሮ ከጠረጴዛዬ አልተነሣሁም።