«አታነሣም» ያልሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለዘሪቱ ዘማርያም
ቤይሩት

እታለም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ሰውነትሽ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስታጥቢ የጀመረሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ይነሣብሻል? የእመቤትሽ ጠባይስ ተሻሻለ? የምታሳድጊያት ሕፃን ጥርስ አወጣች? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። አገራችን አምበር ያለውም ቤት ደህና ነው። አጎታችን አበረ ጤፉን ወቅቶ አስገብቷል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንስት ናት።

እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ ስንቴ ጀምሬ እንደቀደድሁት ባለቤቴ ጥሩብርሃን ታውቃለች። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ተሳሰረ። ሂዊ፣ ያች የአማኑኤሏ ጓደኛሽ፣ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ቤይሩት ልትመለስ ስለሆነ በእጇ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

አባባ በኮምፒዩተር ልትተያዩ በተቀጣጠራችሁበት እሑድ ለምን እንደ ቀረ ስትጠይቂኝ «መብራት ጠፍቶ ነው» ብዬሽ ነበር። መብራት አልጠፋም፤ አባባም አልቀረም። አስቀድሶ፣ አዲሱን ጋቢውን ለብሶ፣ እኔ በምሠራበት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኮምፒዩተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ነበር።

እማማ ካረፈች ወዲህ ልመንኩስ ማለቱን በስልክ ነግሬሻለሁ። ወደ ገዳም የሚሄድ ሰው ደግሞ ቂም ይዞም አስይዞም እንደማይሄድ አንቺው ታውቂያለሽ። አባባ አምበርን ቤት ለቤት ዞሮ ይቅርታ ጠየቀ። በወሰን የተካሰሱትን የኃይለ ሚካኤልን ጉልበት እንኳ ሳመ፤ ኃይለ ሚካኤልም የሚገባበት ጠፍቶት አለቀሰ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና «የቀረችኝ ዘሪቱ ናት» አለኝ። በስልክ ላገናኝህ ብለው እንቢ አለ። ፊትሽን እያየ፣ አንቺም እያየሽው ካልሆነ አይሆንም አለ። ያ የሄድሽበት ጠዋት፣ እኛ ሁላችን ስንሸኝሽ እሱ ከጓዳ ሳይወጣ የቀረው ነገር ውስጡን ሲበላው ኖሯል። እኔ እንኳ አላውቅም ነበር። ወደ ኮሌጁ ስንሄድ መንገድ ላይ ነገረኝ። ዳዊቱን ዘርግቶ ተቀምጦ አንዲት ቃል ሳያነብ እግርሽ ከግቢ ሲወጣ ይሰማ እንደነበር ነገረኝ።

እንግዲህ ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ «የሽቦ ዘበኛ» እያልሽ ትቀልጂብኝ የለ? ሰሞኑን የተማሪዎች ምዝገባ ነበርና የኢንተርኔቱ መሥመር ተጨናንቆ አላላውስ ብሎን ሰነበተ። ተማሪው በቪዲዮ ይደዋወላል፣ መዝጋቢዎቹ አንድ ገጽ ለመክፈት ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። አለቃዬ ሙላት የቪዲዮ ጥሪውን ዝጋው አለኝ፤ ዘጋሁት። አዘጋጉን ልንገርሽ፣ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው። ኮምፒዩተር የሚሄድበትን ቦታ በስሙ እንጂ በአድራሻው አያውቀውም። ስለዚህ መጀመሪያ አድራሻ ነጋሪ የሚባል ማሽን ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ነጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲተካ። እኔም ሁለቱንም የጥሪውን ስም ሲጠየቁ «የለም» ብለው እንዲመልሱ አደረግኋቸው።

ያን እሑድ ጠዋት ለአባባ ብዬ ሙላትን አስፈቅጄ ከፈትሁት። የከፈትሁት ግን በአንደኛው ብቻ ነው። ሁለተኛውን ረሳሁት። በራሴ ኮምፒዩተር ሞከርሁ፤ ሠራ። ደስ ብሎኝ አባባን ወሰድሁና ወንበሩ ሰፊ ነው ብዬ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጥሁት። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተሮች ደግሞ የሚጠይቁት ያንን የረሳሁትን ነው።

ብሞክር ብሞክር እንቢ አለ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ። መሥመር ለሚያቀርቡልን ሰዎች ደወልሁ፤ ከእኛ በኩል ንጹሕ ነው አሉኝ። እኛም ሰው ሲጠይቀን መጀመሪያ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ከእኛ በኩል ችግር የለም። ተማሪዎቹ ከኋላችን ቆመው ያያሉ። ሙላትም መጥቶ ቆሟል። አባባ ደግሞ ሲገባ ለዘበኛው ሳይቀር «የዚህ ሁሉ መሥመር አዛዥ ልጄ ነው» ብሎ ነግሮታል። ፊቴ ጋለ። አባባ ቀስ ብሎ «ምነው እንዳላማው፣ ምን ሆነ?» አለኝ።

«አታነሣም» አልሁት።

ጥሪው አንቺ ዘንድ እንዳልደረሰ፣ አንዴም እንዳልጮኸ ዐውቅ ነበር እኮ! የኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ ተጽፎ እያየሁት ነው «አታነሣም» ያልሁት። ምን ነካኝ? «ከእኔ በኩል ነው፣ አላወቅሁትም» ማለት ለምን እንደ ተራራ ከበደኝ? አባባ ጨለማውን መስተዋት አየ። ከዚያ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣና «እውነቷን ነው» አለ። ምሳም አልበላልኝም። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ቆላው ገዳም ወረደ።

ማክሰኞ አንቺ ደወልሽ። የአሠሪዎችሽ ቤተ ሰብ ሁሉ ወጥቶልሽ፣ የእማማን ነጠላ ለብሰሽ፣ ከትልቁ ልጃቸው ኮምፒዩተር ፊት ስትጠብቂ እንደዋልሽ ነገርሽኝ። «ከነጭራሹ ሊያየኝ አልፈለገም እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያኔ እንኳ ልናገር ይገባኝ ነበር። መብራት ጠፋ አልሁሽ።

በማግሥቱ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አንዳንዱ ገጽ ከቢሮ እየተከፈተ እሳቸው ዘንድ እንደማይከፈት ሊያማርሩ መጡ። ሁለተኛውን ነጋሪ ገልጬ ሳይ ያ የእኔ «የለም» እንዳለ ቁጭ ብሏል። በእጄ የጻፍሁት። ሙላት ምን አገኘህ ሲለኝ ምንም አልሁት።

ቅዳሜ ገዳሙ ወረድሁ። አባባ ሱባኤ ገብቶ ስለነበር እንግዳ አያገኝም አሉኝ። በር ላይ ላሉት መነኩሴ ሁሉንም ተናገርሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ዘሪቱ ስትጠብቅ ነው የዋለችው፣ ይህን ይንገሩልኝ አልሁ። ገብተው ቆዩና ተመለሱ። አባባ ምን አለ መሰለሽ? «ልጄ ደግ ነው፤ እኅቱን ሊሸፍንላት ነው» አለ አሉኝ። እታለም፣ የዋሸሁትን አመነኝ፣ እውነቱን ስናገር ግን እኔን ደግ አድርጎ አንቺን በዳይ አደረገሽ። ከዚያ አፋፍ እስክወጣ ድረስ ያለቀስሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

መነኩሴው ሌላም ነገር ነገሩኝ። አባባ ለፋሲካ ቆብ ሊደፋ ነበር። አሁን ግን «ልጄ ያልፈታችኝ ሰው ምን ብዬ ቆብ እደፋለሁ?» ብሎ አልቀበልም ብሏል። ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየፈለጠ ከረድኦቹ ጋር ነው ያለው። በዚያ ዕድሜው! ስልክ እዚያ አይሠራም፤ ቢሠራም አይነካውም። ደብዳቤ ግን ያስገቡለታል።

የእኔን ቃል አያምንም፤ ማመንም የለበትም። የአንቺን የእጅ ጽሑፍ ግን ያውቀዋል። እጅሽን ይዞ ፊደል ያስጻፈሽ እሱ አይደል? ስለዚህ አንድ ባዶ ወረቀት ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። ይቅር በይው ብዬ አልለምንሽም፤ እሱ ያንቺ ነው። የዚያን ጠዋት ነገር አሁንም ካልወጣልሽ አልወጣልኝም በይው። ብቻ ያን እሑድ ስትጠብቂው እንደዋልሽ ጻፊለት። እኔንም ልትሰድቢኝ ከፈለግሽ ለእኔ ለብቻ ጻፊልኝ፤ እችለዋለሁ።

ጥሩብርሃን በጣም ትናፍቅሻለች፤ ይህን ሁሉ ከነገርኋት ጀምሮ ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም፤ አንቺን ግን ሳምልኝ ብላለች። ልጃችን ዜማ ፎቶሽን እየሳመች አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች። አጎታችን አበረ ጥጃዋ ያንቺ ናት፣ ስሟንም አንቺ አውጪላት ብሎሻል። ኃይለ ሚካኤልም ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ አባባ ጉልበቱን ከሳመው ወዲህ ከቤታችን አይጠፋም።

መልስሽ ሲመጣ ይዤው የምወርደው እኔ ነኝ። ፖስታውን አሽጊው፤ አልከፍተውም። ባዶው ወረቀት ላይም ምንም አልጻፍሁበትም፤ ስሙን እንኳ።

በድዬሽ የምወድሽ ወንድምሽ
እንዳላማው ዘማርያም

ደብረ ማርቆስ
የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም.