የሁለት ሰው ክፍያ

ለውዷ ባለቤቴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር “ለጤናሽ እንደምን ነሽ” ተብሎ እንደሚጠየቅ መምህሯ አስተምራናለች። አንቺን ይህን መጠየቅ ስለማይመች ዘልዬዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ይህ ጽሕፈት የማን ነው ብለሽ እንዳትደናገጪ፤ የኔው የባልሽ ነው። ማንንም አላስጻፍኩም። አዎ፣ ያ “መነጽሬን ረስቼው ነው” እያለ ወረቀት ሁሉ ወደ አንቺ ሲገፋ የኖረው ሰውዬ። መነጽር ኖሮኝ እንደማያውቅ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ዱርንፎንቴን ሰፈር፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ እንሸጥበት ከነበረው ሕንፃ ሁለት በር አለፍ ብሎ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ መሠረተ ትምህርት ይሰጣል። ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። እርግጥ አራት ነን፤ አንዷ ሱቅ ስለምትጠብቅ ትቀራለች፣ አንዱ ደግሞ ይተኛል። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። የኛን ፊደል በሦስት ወር ጨረስኩና የእንግሊዝኛውን ጨመሩልኝ። እንግሊዝኛውን እንደሆነ በአፌ ሠላሳ ዓመት ነግጄበታለሁ፤ የቀረኝ በዓይኔ ማወቅ ብቻ ነበር። መምህሯ “ጋሼ፣ በልጅነትዎ ቢማሩ ኖሮ የት ይደርሱ ነበር!” ብትለኝ “እዚሁ ነበርኩ፤ ግን በራሴ መኪና እመጣ ነበር” አልኳት።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጋይዘሩን፣ የውኃ ማሞቂያውን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የማበራው፤ ያንቺ ሕግ አልተሻረም። ውኃ አሁንም በየሳምንቱ ይጠፋል፤ ውኃው ሲጠፋ የውኃው ሒሳብ አይጠፋም። መብራት ስንገዛ የሚሰጡንን ቁጥር ቆጣሪው ላይ የማስገባው አሁን እኔ ነኝ። ሃያ ቁጥር እኮ ነው! አንቺ ስታስገቢ ከኋላሽ ቆሜ “ፍጠኚ እንጂ፣ ኳሱ ሊጀመር ነው” እልሽ የነበረውን ይቅር በይኝ። መጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ ተሳስቼ፣ በአምስተኛው መብራቱ ሲመጣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

የምጽፍልሽ ግን ለጉራ ብቻ አይደለም። አንድ ጥፋት አጥፍቼ ነበር፤ ከኔው ከራሴ ስሚው።

ወደዚህ የጡረተኞች መንደር ስንገባ፣ ሱቁን የሸጥንበትና ልጃችን የጨመረችው ገንዘብ የገዛልን ቤቱን ሳይሆን እስክንሞት በቤቱ የመኖር መብትን እንደሆነ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። በዚህ ላይ በየወሩ ሌቪ የሚባል መዋጮ አለ አልሽኝ። እኔ ደግሞ ጠይቄ ከማፍር ራሴ ገምቼ መሳሳት ይሻለኛል። አየሁ፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። የነዋሪ ስም የሰፈረበት መዝገብ አለ። አዳራሽ አለ፣ አዳራሹ ውስጥ የተደራረበ ወንበር አለ። ወንበሮቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ሰማንያ ናቸው። ለገና ግብዣ ነጭ ድንኳን ሲተክሉም በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ዕድር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ወር በገባ ቁጥር አንቺ ቢሮ ገብተሽ ስትከፍዪ እኔ ውጭ ዛፉ ሥር ቆሜ ለአትክልተኛው “እኛ ውዝፍ የለብንም” እል ነበር። ክፍያው ከበድ ሲለኝም፣ ሰማንያ ወንበር ያለው ዕድር ርካሽ አይሆንም ብዬ ተጽናናሁ።

ያረፍሽ ዕለት ከሆስፒታል በቀጥታ ቢሮ ሄድኩ። ማናጀሯን ታውቂያታለሽ፣ ያቺ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው። ድንኳኑ ስንት ሰዓት ይተከላል አልኳት። እጄን ይዛ በጣም አዝናለሁ አለችኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ የአዳራሽ ኪራይ ዋጋ አወጣችና ታነብልኝ ጀመር። አዳራሹ ይህን ያህል፣ ለጽዳት ማስያዣ ይህን ያህል፣ ወንበር በነጠላ ይህን ያህል። ወንበር በነጠላ! ሆሳዕና ከተማ ሳለን የአባቴ ዕድር አስከሬኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ ድንኳኑን ያደርስ ነበር። “ሃያ ወር ሙሉ ከፍለን ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሰው እንኳ አትልኩም? ንፍሮ የሚቀቅል እንኳ የላችሁም?” ብዬ ጮህኩባት። ንፍሮ ምን እንደሆነ እስካሁን የምታውቅ አይመስለኝም።

ወንበር ያመጣችው ጎረቤታችን ማ ኖምሳ ናት። የሷ የቀብር ማኅበር ባኪ በሚሏት ትንሽ የጭነት መኪና ሃምሳ ላከልን። የኛ አገር ሰዎች ከዱርንፎንቴንም ከዮቪልም መጡ። ዘበኛው የያንዳንዳቸውን መታወቂያ እየመዘገበ አንድ ሰዓት አቆማቸው፤ ለቅሷቸውን በር ላይ ጀምረው ነው የገቡት። ሲበተኑ ማ ኖምሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “ሃይቦ ባባ! የቀብር ማኅበር ፈልገህ ከሆነ ለኔ አትነግረኝም? ሌቪ እኮ ለሣሩ ነው” አለችኝ። ለሣሩ። አንቺን የቀበርኩ ሳምንት፣ ሃያ ወር ሙሉ ሣር ሳሳጭድ እንደከረምኩ ሰማሁ።

ተናደድኩና ከዚያ ወር ጀምሮ መክፈል አቆምኩ። ማናጀሯ ስትደውል አላነሳም። በር ስታንኳኳ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ። ዱርንፎንቴን ሄጄ ልክ አስገባኋቸው ብዬ አወራሁ። ወሬው ላይ ሁለት ጠበቃና አንድ ፖሊስ ጨምሬበት ስለነበር ሰዉ በጣም ወደደው።

ሁለት ወር ቆይቶ ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። ወፍራም ወረቀት፣ የመንደሩ ምልክት የታተመበት ፖስታ። አፍረዋል አልኩ። በአፏ ማጽናናት ያቃታት በጽሑፍ እያጽናናችኝ ነው አልኩ። በየወሩ ሲመጣማ፣ የተማረ ሰው ሲጸጸት እንዲህ ነው ብዬ አደነቅኳት። ፖስታዎቹን ሳልከፍት ከፎቶሽ አጠገብ ደረደርኳቸው። እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ፣ ማንም እንዲከፍታቸው ግን አልፈቅድም። ስላንቺ የተጻፈውን ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈለግኩም። ትምህርት ቤት የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን “ሥራ ስለፈታሁ ነው” ብያለሁ።

ፖስታው ዘጠኝ ሲሞላ እንግሊዝኛዬም ደረሰ። አንድ ሐሙስ ሁሉንም ይዤ ሄድኩ። “ዛሬ አንባቢው እኔ ነኝ” አልኩና ኮቴን ቆልፌ ተነሣሁ። የመጨረሻውን ከፈትኩ። መጀመሪያ የኔ ስም አለ፣ ከጎኑ ሚስስ ብሎ አንቺን ይጠራል። “ይኸው! አልረሷትም!” አልኩ። እንቅልፋሙ እንኳ ነቃ። ጣቴን እያስከተልኩ ቀጠልኩ። ውዝፍ የሚል አለ። ወለድ የሚል አለ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የሚል አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ ጉዳዩ ወደ ጠበቃ ይሄዳል፣ ነዋሪዎቹ ቤቱን እስከ መልቀቅ ሊደርሱ ይችላሉ ይላል። እስከ ፊርማው ድረስ ሳልንተባተብ ጨረስኩት። ማንም አላጨበጨበም። መምህሯ “ጋሼ፣ ይቀመጡ” አለችኝ። “ንባቡስ እንዴት ነበር?” አልኳት። “እንከን የለውም” አለች፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

በማግስቱ ቢሮ ገባሁ። ማናጀሯ ትጮህብኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ሻይ አቀረበችልኝና ሥራዬን አበላሸችብኝ። ስለ ዕድር አስረዳኋት። መነጽሯን አውልቃ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። “ታዲያ እኔ ያን ቀን የዋጋ ዝርዝር ሰጠሁዎት?” አለች። “በነጠላ” አልኳት። ፊቷ ቀላ።

ከዚያ ሒሳቡን ዘረጋችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አነበብኩት። ጥበቃ፣ ሣር፣ ቆሻሻ፣ ነርሷ፣ የመንገዱ መብራት፣ ውኃ። ለያንዳንዱ እየተከራከርኩ ወረድኩ፤ ነርሷን አንድ ቀን እንኳ አሞኝ አላውቅም ብዬ ላሰርዛት ሞክሬ ነበር። ከሁሉም በታች “ሁለተኛ ነዋሪ” የሚል አገኘሁ። ካረፍሽ በኋላም በየወሩ ያንቺን ሒሳብ ሲጽፉብኝ ኖረዋል። “ሞታለች ብዬሽ አልነበረም ወይ?” አልኳት። “ለኔማ ነግረውኛል፤ ዋናው ሒሳብ ክፍል የሚያውቀው ግን ወረቀት ብቻ ነው” አለችና አንድ ፎርም ሰጠችኝ። ይህን ሞልቼ ከፈረምኩ፣ ያንቺ ክፍያ ካረፍሽበት ወር ጀምሮ ይሰረዛል፤ ወለዱን ታስነሣልኛለች፤ የቀረውን ውዝፍ በስድስት ወር እየከፈልኩ ቤቴ ውስጥ እቆያለሁ። ካልሆነ ግን በወሩ መጨረሻ ፋይሉ ወደ ጠበቃ ይሄዳል፣ እኔም ወደ ልጃችን ወደ ኬፕታውን። የሁለት ሰው ውዝፍ መክፈል እንደማልችል እሷም እኔም እናውቃለን።

ልጃችን በስልክ “አባዬ፣ ዛሬውኑ ፈርመው እንጂ! ምን ያስጠብቅሃል?” አለችኝ። በሁለት ደቂቃ እጨርሰዋለሁ አልኳት።

ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ፎርሙ አንድ ገጽ ነው። “ምክንያት” ከሚለው ሥር ሦስት ሳጥን አለ፤ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ፣ ወደ ሕሙማን መንከባከቢያ የገባ፣ የሞተ። ሦስተኛዋ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። የሆስፒታሉን ወረቀት ልጃችን ፈረመች። የቀብሩንም እሷው። እኔ ማንበብና መጻፍ ስለማልችል፣ ሞተሻል ብዬ እንድጽፍ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለካስ አለማወቅም መጠለያ ነበር። በገዛ እጄ፣ ለዚያውም ከክፍል አንደኛ እየወጣሁ፣ አፈረስኩት።

በሰባተኛው ቀን፣ ስህተት አገኝባቸዋለሁ ብዬ ሒሳቡን መልሼ አነበብኩ። ውኃው ጋ ደረስኩ። በየወሩ የፈጀነው ተራ በተራ ተጽፏል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወሮችሽ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። አንሶላሽን በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ የማጥብበት ጊዜ ነው። “ተው፣ ውኃው ያስከፍለናል” ትይኝ ነበር። እኔም “ሣር ከሚያጠጡበት” እልሽ ነበር። በቀጣዩ ወር ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወርዷል። ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። እኔ ቢሮውን ሳኮርፍ፣ ፖስታ ስደረድር፣ ቆጣሪው ማንም ሳይነግረው በየወሩ የአንድ ሰው ውኃ ሲጽፍ ከርሟል። ስህተት ፈልጌ አጣሁበት።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩና በሳጥኗ ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ከሥሩ “የሁለተኛው ነዋሪ ሙሉ ስም” ይላል። በእንግሊዝኛው ፊደል ጻፍኩት፣ ቀስ ብዬ፣ ከመስመር ሳልወጣ። ቀኑን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ወስጄ ስሰጣት ማናጀሯ አየችውና “ጽሕፈትዎ ያምራል” አለችኝ። “አውቃለሁ” አልኳት።

ቤቱ ተረፈ። ውዝፉን ሦስት ወር ከፍያለሁ፣ ሦስት ይቀረኛል። ወር ሲገባ ራሴ ቢሮ ገብቼ እከፍላለሁ፤ ደረሰኙንም እዚያው ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሽማግሎች ይጉረመርማሉ፤ እነሱ እንደሆነ በልጅነታቸው ስለተማሩ ማንበብ አይጥማቸውም። ማ ኖምሳም በማኅበሯ አስገብታኛለች። አሁን ደረሰኙ ላይ ያለው አንድ ነዋሪ ነው።

አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ። አርባ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር ስምሽን ጽፌ አላውቅም። ክፍል ውስጥ የራሴን ስም፣ የከተማ ስም፣ የመጋረጃ ዋጋ ጽፌያለሁ፤ ያንቺን እጄ ጥሩ እስኪሆን ብዬ አቆይቼው ነበር። ተቆይቶ ተቆይቶ መጀመሪያ የጻፍኩት አንቺን ባሰረዝኩበት ወረቀት ላይ ሆነ። እንዲህ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ይህን ሁሉ ገጽ የጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው። እነሱ ከሒሳባቸው አውጥተውሻል፤ ሥራቸው ነው፣ አልቀየማቸውም። እኔ ዘንድ የሚሞላ ፎርም የለም። እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት የሚኖረው ሁለት ሰው ነው፤ አንዷ ውኃ አትፈጅም እንጂ።

በይ፣ ደህና ሁኚ። ባልሽ ነኝ። ስምሽንም ይኸው በገዛ ፊደልሽ ጻፍኩት፤

ዘነበች ወልዴ።