የገሠሠ ጾምና የአኩሪ አተሩ መድኃኒት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የመቲ ብርድ ወገብሽን ተወት አደረገው ወይ? እኔ ከናፍቆትሽና ከጋምቤላ ሙቀት በቀር ደኅና ነኝ፣ ምስጋና ለፈጣሪ።

ልጅሽ ገሠሠ ድኗል። ሶስና ስታነብልሽ ከመሐል እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ከመጨረሻው የጀመርኩልሽ። ዲማ ወርቅ ሲቆፍር ካላዛር የሚሉት የአሸዋ ዝንብ በሽታ ይዞት፣ ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ፣ ጣፊያው አብጦ፣ ጓደኞቹ ደግፈው እዚህ ሆስፒታል አመጡት። በስልክ ያልነገርኩሽ ለልብሽ ፈርቼ ነው።

ኦጅዋክ የሚባል የዚሁ አገር ልጅ ነርስ ነው ያስታመመልን። መድኃኒቱ እንዲሁ ሲሰጥ ኩላሊት ይጎዳል አለን። ስለዚህ ፎስፎሊፒድ በሚሉት ቅባት፣ ዓይን በማያያት ትንሽ ከረጢት ተጠቅልሎ በደም ሥር ይገባል፤ በሽታው ከተደበቀበት ጣፊያና ጉበት ሲደርስ ይፈታል። ይግባቸው ብሎ «እንቁላል አስኳል ውስጥ ያለው ዓይነት ቅባት ነው» ሲል ልጅሽ ክንዱን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተተ።

«ለእናቴ ቃል ገብቼ ነው ዲማ የወረድኩት፤ ሁዳዴን በመርፌም ቢሆን አልሽርም» አለ።

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። ቄሱም መጥተው በታመመ ሰው ላይ ጾም አይጸናም ቢሉት አሻፈረኝ አለ። አፍንጫው መድማት ሲጀምር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በአንቺም ጭምር ተናደድኩ። ሰው እንዴት ልጁን እንዲህ ያለ ቃል ያስገባል?

ኦጅዋክ በምሳሌው ተጸጽቶ ፋርማሲ ወርዶ ጠየቀ። የዚህኛው መድኃኒት ቅባት ለካ ከአኩሪ አተር የሚወጣ ነው፤ አንቺ ከሽሮ ጋር የምታስፈጪው! ገሠሠ ክንዱን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ዘረጋ። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። አሁን ትኩሳቱ ለቆታል፣ የሆስፒታሉን ሽሮም እንደ እናቴ ሽሮ አይደለም እያለ ያማል። ሐሜቱን ካልተወ ምን ይደረጋል።

እማዬ፣ አንድ ነገር ለምኜሻለሁ፤ ቃሉ ሕመም ሲመጣ እንደማይሠራ አንቺው ንገሪው። የእኔን ሰምቶ አያውቅም።

ሶስናን ሳሚልኝ። ለአባባ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፤ ጎረቤታችን ሷሊህንና ቤተሰቡን በሙሉ ሰላም በይልኝ። ገሠሠም መልእክት አለው፦ ለፋሲካ ይደርሳል፣ ከዶሮው ወጥ እንቁላሉን አስቀምጪለት። ሁለት አድርጊው ብሏል፤ ኦጅዋክን ይዞት ይመጣል።

ልጅሽ ጥሩነሽ
ጋምቤላ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.