ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት

ሰኞ

አባዬ ዛሬ ከመኪናዬ የወረዱት ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። «ሁለተኛ እዚህ ነገር ላይ አልወጣም!» አሉ። ድንች ጭኜ ከገሳይ ደብረ ታቦር ድረስ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ነበሩ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከፊት ጓ! ይላል፤ እሳቸው «እመብርሃን!» ይላሉ።

እኔ እኮ ያሻሻልኳት መስሎኝ ነው። ባለፈው ሳምንት የፊቱን ባሌስትራ በወፍራም አስቀየርኩ። ጭነት ሲበዛ በአፍንጫዋ መደፋቷን ትታ ደረቷን ነፍታ ቆማለች፤ አይቼ አልጠገብኳትም። ግን ቅዳሜ አባዬን ወንዛዬ ፍል ውሃ ላደርሳቸው ቃል ገብቻለሁ፣ ለዚሁ ለወገባቸው። «አስፋልቱንስ እሺ፤ ከሐሙሲት ወዲያ ያለው ኮረኮንች ይጨርሰኛል» አሉ።

ማክሰኞ

መካኒኩ ውብሸት ከሥር ገብቶ ወጣና ሳቀብኝ። «ባሌስትራው ከፍ አድርጓታል፤ አሞርዛተሩ የድሮው ነው። አጠረ። ቆማ እንኳ ተወጥሮ አልቋል፣ ዝላዩን በምኑ ይያዝ?» እኔ ያረጀ እንጂ ያጠረ አልመሰለኝም ነበር።

የአሞርዛተሩን ቦታ ከብሎን እስከ ብሎን በእጄ ለካሁ፤ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት። መለዋወጫ ሱቅ ያላት ዘሃራ ዕቃ ልታመጣ ባሕር ዳር ስለነበረች ደውዬ ልኩን ነገርኳት። ከዐረብ አገር ተመልሳ ሱቁን ከከፈተች ወዲህ ሌላ ጋ ገዝቼ አላውቅም። «ደረቅ ያለውን አምጪልኝ» ብላት፣ «ባሌስትራህ ደርቋል፤ ይኼም ከደረቀ አባትህን ልትገድላቸው ነው? መካከለኛውን ነው የማመጣልህ» አለች። ተናደድኩ። ልክ ነበረች።

ረቡዕ

ያመጣችው ከአሮጌውም ያጥራል! ሱቋ ድረስ ሄጄ ጮህኩባት። ዕቃውን በእጇ ለካችው፤ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፣ አንድም ሳይጎድል። ከዚያ መዳፏን ዘረጋችልኝ። የኔን አጠገቡ ሳደርግ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አካፋ የሚያህል እጅ ይዤ በስልክ ስንዝር እነግራታለሁ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሜትር ወረወረችልኝ። «ጭነቷን ይዛ መሬት ላይ ቆማም፣ በክሪክ ተነሥታ ጎማዋ ተንጠልጥሎም ለካና ና።»

ሐሙስ

ሁለቱንም ለክቼ በወረቀት ሰጠኋት። ቅያሪው ነገ ጠዋት ይደርሳል አለች።

አባዬ በአውቶቡስ እንደሚሄዱ ሰው ልከው ነገሩኝ። ሐሙሲት ከወረዱ በኋላስ? በእግር? የራሴ መኪና እያለች!

ዓርብ

ገባ! ልክክ አለ። ጭኜ ገሳይ ደርሼ ተመለስኩ፤ ጓ የሚባል ነገር የለም። ዘሃራ ጋ ጎራ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። «በስንዝር ነው በሜትር?» አለችኝ፣ ምላሷ አይጣል ነው።

አባዬን ለመንኳቸው። «እስቲ ይነጋል» አሉ። እሺ ይሁን እምቢ አላወቅኩም።

ቅዳሜ

ሁለት ትራስ ይዘው መጡ። አንዱን ከሥር፣ አንዱን ከኋላ አድርገው፣ እጀታውን ጨብጠው ተቀመጡ። ትንፍሽ አላሉም። እኔም ፈራሁና አላናገርኳቸውም። ከሐሙሲት ስንታጠፍ እንኳ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም፤ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ እኔው በልቤ «እመብርሃን» እያልኩ ነዳሁ።

ወንዛዬ ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁና ዞር አልኩ። የኋላው ትራስ እግራቸው ሥር ወድቋል። አፋቸው ተከፍቶ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ። የራሳቸው ሳል ቀሰቀሳቸው፤ ግራ ገብቷቸው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ።

«ምነው ቆምክ? ኮረኮንቹ ጋ ደረስን እንዴ?»