አስፋልት ዳር ያለው ቤትሽ

ሌንሴ ሆዴ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እንቢ አለኝ። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። መስከረም ሲጠባ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ የምነግርሽ ነገር ደስ ስለማያሰኝ ሳቅማማ ከረምኩ። እንግዲህ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው፤ የአምቦውን ቤት ለቅቄያለሁ።

አውቃለሁ፣ ይከፋሻል። ያንን ቤት የመረጥሽው አንቺ ነበርሽ። ሥራዬ ወደ ጉደር ሲዛወር የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ እዚያው ግቡ አሉን። አንቺ ግን ጉደር ወባ አለው ብለሽ አሻፈረኝ አልሽ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ስትዪኝ፣ እኔ ደግሞ ጎረቤት ደመወዝ አይከፍልም እልሽ ነበር። ቀበሌው ሁለት ቤት ሲያሳየንም ከገበያው ጀርባ ያለውን ጸጥተኛ ቤት ትተሽ፣ አስፋልት ዳር ያለውን፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጠውን ወሰድሽ። አበድሽ ወይ አልኩሽ። መኪና አንተን ፍለጋ ጓሮ ለጓሮ አይመጣም፣ አንተ ደግሞ ለመኪና የምትሮጥ ሰው አይደለህም አልሽኝ። እውነትሽን ነበር።

ሾፌሩን ነስሩን ታስታውሻለሽ? በጉደር በኩል ወደ ነቀምት ጭኖ ሲሄድ ደጃችን ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቆሞ ሳለ፣ አንድ ቋጠሮ የገብስ ቆሎና ውሃ አውጥተሽ ሰጠሽው። ከዚያ ወዲያ በሚያልፍበት ማለዳ ሁሉ ደጃችን ሲደርስ ክላክሱን ሁለቴ ይነፋል፤ አንቺ ቆሎውን ታቀብዪዋለሽ፣ እኔ ጋቢና እገባለሁ። ወሬው ለሌሎቹም ሾፌሮች ተዳረሰ። ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ኬላው ላይ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ፣ እኔ እንደ ሹም ከደጄ እነሣ ነበር። ባልደረቦቼ የቆሎ ተሳፋሪ እያሉ ሲያሾፉብኝ ለወጉ እቆጣለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን በሕይወት ሳለሽ ነግሬሽ አላውቅም።

ነስሩ ሳትታመሚ በፊት ወደ አሰብ መስመር ተዛወረ። አንቺ ስትሄጂ ደግሞ ቆሎውን የሚያወጣ ጠፋና ሌሎቹም መቆም ተዉ፤ አልፈርድባቸውም። እኔም ኬላ ላይ ቆሜ እጄን ማወዛወዝ ለመድኩ። ልጃችንን ቦንቱን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎረቤትሽ አዴ ጫልቱ ይቀበሉልኝ ነበር። አምና በበጋ ግን የታመመች ልጃቸውን ሊያስታምሙ እንጭኒ ሄዱ። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከጉደር መኪና አጥቼ በእግሬ መጣሁ። ስደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ልጃችን ደጃፉ ላይ፣ እግሯን ወደ አስፋልቱ ዘርግታ፣ ደብተሯን እንደታቀፈች እንቅልፍ ወስዷታል። ከባድ መኪና በአጠገቧ ሲያልፍ ንፋሱ ቀሚሷን ያነሣዋል። ቀስቅሼ ምን ትሠሪያለሽ ብላት፣ የአባባ መኪና ሲመጣ ቀድሜ እንድሰማ ነው አለችኝ። ለእኔ ብለሽ የመረጥሽው መንገድ ልጅሽን ሊወስድብሽ ነበር።

በነጋታው ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ቁልፍ ያስረከበ ሰው ተመልሶ ቤት እንደማያገኝ አስጠነቀቀኝ። አዴ ጫልቱ ተመልሰው ሲሰሙ አለቀሱ። የሌንሴ አፈር እዚህ ሆኖ ወዴት ነው የምትሄዱት፣ ይህንንስ ፈጣሪ ዋቅም አይወደውም አሉኝ። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ ያለ መዝሙር የቀበርንሽ ሳያንስ፣ ጥዬሽ መሄዴ ነው። መሸኛዬን ተቀብዬ፣ አልጋችንን ጋሪ ላይ ጭኜ ወጣሁ።

አሁን ከቢሮዬ አጥር ጀርባ አንድ ክፍል አለችን። ሥራ ለመግባት አጥሩን መዞር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የተመኘሁት ይህን ነበር፤ ሳገኘው ግን አልጣመኝም። ጧት ደረሰብህ፣ ተነሥ የሚለኝ የለም። ቦንቱ በሰላም ትውላለች፣ በመስኮት አያታለሁ። ወባም አልያዘንም፤ ይህን በማለቴ አትቀየሚኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነስሩ ወደ ድሮ መስመሩ ተመለሰ። መሞትሽን አልሰማም ነበርና ደጅሽ ላይ ሁለቴ ነፋ። አዲሶቹ ተከራዮች ወጥተው ነገሩት። ጉደር ሲደርስ ጠያይቆ ቢሮዬ መጣና ሰላምታም ሳይሰጠኝ አንገቴን አቀፈኝ። አላህ ያጽናህ ወንድሜ፣ እኔ እኮ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆሎዬን ስጠብቅ ነበር አለኝ። ለቀብርሽ ያልወጣልኝ እንባ ያን ቀን፣ አለቃዬ እያየኝ ወጣ።

አሁንም ባለፈ ቁጥር ደጅሽ ላይ ይነፋል አሉ፤ ሰዎቹም ለማን እንደሆነ ስላወቁ አይወጡም። እኛ ዘንድ ሲደርስም ይነፋል። የምሳፈርበት ባይኖረኝም ቆሎ ይዤ እወጣለሁ። የማምሰው ራሴ ነኝ፤ ግማሹ ያርርብኛል። ቦንቱ የእማዬ እንዲህ አልነበረም ትለኛለች። ነስሩ ግን ያረረውንም ሳይለይ ይቆረጥመዋል።

እንግዲህ ሆዴ፣ ቤትሽን አልጠበቅኩልሽም፤ ቆሎሽን ግን እጄ እስኪዝል አላቋርጥም። ቦንቱም ስታድግ አስተምራታለሁ፣ ሳላሳርር ማመስ ከቻልኩ። ነስሩ በመጣ ቁጥር በደጅሽ አልፎ እንደመጣ አውቃለሁና፣ ደህና አደረች ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። እሱም ዓይኑን ወደ መንገዱ መልሶ፣ ደህና ናት ይለኛል።

ባልሽ፣ የቆሎ ተሳፋሪው