ስለሚንቀጠቀጠው ካሚዮንና ስለ መታጠብ ትእዛዝዎ

ለሮቢት መኪና ጣቢያ አዛዥ፣ ለክቡር ሲኞር ካፒታኖ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለሁለቱ እጆችዎ ብርታት እመኛለሁ፤ ነገ ከጣርማበር እስከ ሮቢት ድረስ የአባቴን ካሚዮን ራስዎ እንደሚነዱ ሰምቻለሁና። እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር የማይሆንልኝ፣ ከፊደልና ከዳዊት በላይ ያልተማርኩ ልጅ ነኝ። ስለዚህ በቃል ያላመሰገንኩዎትን በጽሑፍ ላመስግንዎ።

አንደኛ፤ ስለ ንጽሕናችን አመሰግናለሁ። ከተራራው የሚወርድ መኪና ሁሉ አቧራውን ይዞ ወደ በረንዳዎ እንዳይመጣ፣ ገና ሳይበርድ ወንዙ ውስጥ ቆሞ እንዲታጠብ አዘዙ። እኛም የሰፈሩ ሴቶች በየእንስራችን ጎማው ላይ ውሃ እንድናፈስ ታዘዝን። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየተያዘበት የመጣ ብረት ምራቅ እንኳ ቢነካው ይጮኻል። እኛ እንስራ ሙሉ ስናፈስበት፣ ከጎማው ሥር ነጭ እንፋሎት እየተግተለተለ ሲወጣ፣ በልቤ ይህን ነገር አመመው እል ነበር። ግን ለማን እነግራለሁ? ትእዛዝ ነውና አፈሰስኩ።

ሁለተኛ፤ ለካሚዮኑ ሕመም ስላደረጉለት ሕክምና አመሰግናለሁ። ሜዳ ላይ ሲሄድ ደህና ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሪው በአባቴ እጅ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፤ የፍሬኑ መርገጫም እግሩን መልሶ ይመታዋል። ሎሚ ሻጯ እትዬ ሙሀባ «ወባ ይዞት ነው እኮ! ለእኛ የነፈጉንን ኪኒን ለሱ እንኳ ያውጡለት እንጂ» ብለው ገበያተኛውን አሳቁት። እርስዎ ግን አዲስ ጎማ አስገጠሙለት፤ ተንቀጠቀጠ። ቡሎኑን ሁሉ አስጠበቁ፤ ተንቀጠቀጠ። ድንጋይ አስጫኑበት፤ ከነድንጋዩ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ ከአገርዎ የመጣው መካኒክ የፊቱን ጎማ አወለቀና፣ ፍሬኑ የሚጨብጠውን የብረት ታምቡር በእጁ እያሽከረከረ ጠመኔ አስጠጋበት። ጠመኔው ዙሪያውን ሁሉ ሳይሆን አንድ ጎኑን ብቻ ነካ። ትኩስ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ተጣሟል፣ ክብነቱን አጥቷል፣ ፍሬኑ ያንን ጎን በጨበጠ ቁጥር መኪናውን ይነቀንቀዋል አለ። በሌላኛው ጎማ ታምቡር ላይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘ። የተጣመመው አዲስ አበባ ሄዶ ብረት እያሽከረከረ በሚልገው ቶርኖ ይስተካከል፣ የተሰነጠቀው ይለወጥ፣ እስከዚያ አይነዳ፣ ከእንግዲህም ብረት ሳይበርድ ውሃ አይንካው ሲል፣ አስተርጓሚዎ ጋሼ ሸሪፍ አጠገቡ ቆመው ለእኛ ይተረጉሙልን ነበር። እርስዎም ሰምተው፣ የእኔ ትእዛዝ አይሻርም አሉና መካኒኩን ወደ ደሴ አዛወሩት። በሽታውን ያወቀው ሰው ከሄደ በሽታውም አብሮት ይሄዳል ብለው ማሰብዎ ለእኔ ላልተማርኩት የማይደረስበት ጥበብ ነው።

ሦስተኛ፤ አባቴን ደምሴን ስላሰሩት። የሚንቀጠቀጠው መኪናው ሳይሆን እጁ ነው፣ ከሽፍታ ጋር የዋለ እጅ ነው አሉ። አባቴ ያንን ቁልቁለት በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተ፣ ፍሬኑን ነካ አድርጎ እየለቀቀ ይወርድ ነበር፤ ለዚህም «ኤሊ» ብለው በሰው ፊት ሰድበውታል። እርስዎ እንደ ኤሊ እንደማይነዱ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ነገ ካሚዮኑ በእርስዎ እጅ ካልተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የአባቴ ነው ተብሏል። ከወዲሁም በገበያው መካከል ሁለት ግንዶች ተተክለዋል፤ ከላያቸውም አንድ አግዳሚ ተጋድሟል። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እትዬ ሙሀባም ከዚያ ወዲህ ጀርባቸውን ለግንዶቹ ሰጥተው ነው ሎሚያቸውን የሚሸጡት፤ ቀልድም የላቸው።

ጋሼ ሸሪፍን መካኒኩ ያለውን ለእርስዎ እንዲያስታውሱልኝ እግራቸው ላይ ወድቄ ለምኛቸው ነበር። «ልጄ፣ እሱን ከአፌ ካወጣሁ እኔም ከአባትሽ ጎን ነው የምቆመው» ብለው አነሡኝ። አልፈረድኩባቸውም። አግዳሚው ረጅም ነው።

ክቡር ሆይ፤ አሁን የተቸገርኩት በጸሎቴ ነው። ካሚዮኑ እንዲንቀጠቀጥ ካልለመንኩ አባቴ ይሞትብኛል። እንዲንቀጠቀጥ ስለምን ደግሞ ያ ስንጥቅ ትዝ ይለኛል። እጅዎን ለማሳመን የሚበቃ፣ ብረቱን ለመስበር የማይበቃ መንቀጥቀጥ ስጠው ልል እጀምርና ልኩን መናገር ያቅተኛል። ስለዚህ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» ብዬ አማትባለሁ። ከእኔ እንስራ የፈሰሰውም ውሃ እዚያ ብረት ውስጥ አለና እንቅልፍ የለኝም።

የምለምንዎት አጭር ነው፤ እጆችዎ ያወቁትን አፍዎ ይመስክር፤ አባቴንም ይፍቱልኝ።

ግንባሬን መሬት አስነክቼ እጅ የምነሳ፣ ለትእዛዝዎ አንድ ቀን እንኳ ውሃ ያላጎደልኩ፣
የሾፌር ደምሴ ልጅ፣ ከውሃ ቀጂዎቹ መካከል አንገቷን የምትደፋዋ
ሮቢት፣ ሚያዝያ ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ ይህን ደብዳቤ ከመነሳትዎ በፊት እንዲደርስዎ በበርዎ ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር። ነገር ግን ወረቀት የያዘ የአገር ሰው ወደ በሩ እንዳይጠጋ አዘዋል፤ ትእዛዝዎም አይሻርም። ስለዚህ ቁልቁለቱ አልቆ ወንዙ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሾላ ላይ ለጠፍኩት። ጋሼ ሸሪፍም እዚያው እንዲቀበሉዎ ታዘዋልና ያነቡልዎታል፤ እርስዎ ከቆሙ ማለቴ ነው። ካልቆሙም አይሥጉ፤ ወንዙ ከፊትዎ ነው፣ እኛም እንስራችንን ሞልተን እየጠበቅን ነው፤ መታጠብዎ አይቀርም።