በጎን የተሳለው ሰውዬ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1972
ከቀትር ጀምሮ ዝናብ። በቀበሌው አዳራሽ ለውይይት ክበብ የተገኘነው፦ ሊቀመንበሩ ጓድ ተስፉ፣ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ግርማና ሚስቱ ሶስና፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ እኔ።

አፌን ምን ከፈተው?

ርእሱ የኢምፔሪያሊስት ባህል ነበር። ጓድ ተስፉ ከግርማ ሱቅ ያስመጣውን የሮክ ሸክላ ሽፋን ከፍ አድርጎ፣ «ይህ ሥዕል ምን ይላል?» አለ። ግርማ ቶሎ ብሎ፣ «ጓድ፣ ሥዕል ነው፤ ምንም አይልም» አለና ተቀመጠ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። እኔ እጄን አወጣሁ። በዚያ አዳራሽ ተናግሬ አላውቅም።

ያልኩት ይህ ነው። ከአራቱ ሙዚቀኞች ሦስቱ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይታያሉ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የተሳለው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው የሚሳለው እንደዚያ ነው። ከኋላው ጋላቢ የሌለው ፈረስ አለ። ዘፈኑም ንጉሥ አውርዶ ወንበሩን ስለወሰደ፣ ከዚያ እሱም እንደ ንጉሡ ስለሆነ ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ከበሮው በድንገት ጸጥ የሚለው ሕዝቡ ዝም ሲል ነው።

አዳራሹም ዝም አለ። ግርማ ጫማውን ያይ ነበር። ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ሰው የተናገርኩት የት ቆሜ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4
የግርማ ሱቅ ታሸገ። እሱን ትናንት ማታ ከቤቱ ወስደውታል። ቀበሌ ውስጥ ነው ያለው።

ቦኖው ጋ ወረፋ ይዤ ሳለ አንዷ፣ «ተርጓሚዋ መጣች። ባልዲዬን ሸፍኑልኝ፣ እሱም ምን ማለት እንደሆነ ትናገራለች» አለች። ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሶስና አልሳቀችም። ባልዲዬን ሞልታ አነሳችልኝና፣ «እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ የተጠየቁትን ነው የመለሱት» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ግርማ እኮ አስጠንቅቆኝ ነበር። ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብዬ የደንበኛ ሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ ያንን ዘፈን አሰማኝ እለዋለሁ። እንግሊዝኛዬ የሾላ ገበያ ቅመም ከተጠቀለለበት ጋዜጣና መጀመሪያው ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት የተለቀመ ነው፤ በኤ እና በቢ የሚጀምር ቃል የለኝም። የጎደለውን ከሽፋኑ ሥዕል እሞላዋለሁ። ያንን ዘፈን ስሰማ ብቻ ነው የማስበው ነገር የራሴ የሚመስለኝ። ስለ ሰውዬው አንድ ዓይን ስነግረው ግርማ ሳቀና፣ «ሠዓሊው ሁለተኛውን መሳል ሰልችቶት ይሆናላ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄን ግን ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5
ጓድ ተስፉ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ እርስዎ ማለቱን ትቷል።

«አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ። ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው? ግርማ ነው ያስተማረሽ፣ አይደል?»

ዝም አልኩ።

«በቃ፣ ገብቶኛል» ብሎ ጻፈ።

መፍራቴ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ይፈራል። ሌላው ነው የሚያቃጥለኝ። «እሱ ነው ያስተማረሽ» ሲል ከመፍራቴ በፊት ተናደድኩ፤ ሐሳቤ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ከፋኝ። ሰው ታስሮ እኔ ለሐሳቤ ቀናሁ። ይህንን ለማንም አልነግርም።

እሑድ፣ ሐምሌ 6
ሲዘንብ ዋለ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከውጭ ተሳልሜ ተመለስኩ። ሥዕሎቹን ማየት አልፈለግሁም።

ሶስና ለግርማ ምሳ ይዛ ሄዳ ሳህኑን እንዳለ መለሰችው። «አይገባም አሉኝ» አለች።

ነገ የምለውን ተለማመድኩ። ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። እሱ ሥዕሉ ምንም አይልም ነው ያለው። ሁሉም እውነት ነው። ታዲያ ቅዳሜ ለምን አቃተኝ?

ሰኞ፣ ሐምሌ 7
ጠዋት ያደረግሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

ሻሼን አስሬ ወጣሁ። ቁርስ አልበላሁም። ጓድ ተስፉ ከመምጣቱ በፊት በሩ ላይ ደረስኩ። ሲመጣ፣ «ግርማ አላስተማረኝም። እኔው ነኝ» አልኩት።

አስገብቶኝ በሩን ዘጋ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ያየሁት የፈራ ሰው ነው። «ሽፋኑን ለሰው ያሳየው ማን ነው? እኔ። የተባለው በማን ስብሰባ ላይ ነው? በእኔ። የከፍተኛው ባለሥልጣናት ትናንት ይህንኑ ጠየቁኝ» አለ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጻፈና አነበበልኝ፦ ማንበብና መጻፍ የማልችል ሴት ነኝ፣ እንግሊዝኛ አልሰማም፣ ያልኩት ሁሉ ቅዠት ነው፣ ሥዕሉ ምንም አይልም።

«ይህን ካመንሽ ዛሬ ሁለታችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ። ለእኔም ለእናንተም ይሻላል።»

የጣት ማተሚያውን ቀለም ወደ እኔ ገፋው። እስክሪብቶው አጠገቡ ነበር። መፈረም እችላለሁ ልል አፌ ላይ መጣ። ሰው የቀበሌው ጓዳ ውስጥ ታስሮ እኔ እስክሪብቶ አያለሁ። አውራ ጣቴን ነክሬ አተምኩ።

ግርማ ከቀትር በፊት ተለቀቀ። ሱቁ እንደታሸገ ነው፤ ሸክላዎቹም አልተመለሱም። በር ላይ ጠብቄው እስከ ሰፈር ጎን ለጎን ሄድን። ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ይቅርታ ልለው ስጀምር፣ «ጭቃውን ይጠንቀቁ፣ እትዬ» አለኝ። ቤቱ ጋ ስንደርስ ቆመና፣ «የተቀደደ ሱሪ አለኝ፤ ይሰፉልኛል?» አለ። ላከው አልኩት።

አሁን ሶስና ሰጥታኝ ሄደች። የተቀደደው ጉልበቱ ላይ ነው፤ ሁለቱም። በምን እንደተቀደደ አልጠየቅኋትም። ከውስጥ እራፊ አድርጌበት እየሰፋሁ ነው።